ስለ ምልክትና ስለ ምክንያት

ሰው በተፈጥሮው ምልክትን ለማየት ፈጣን፥ ምክንያትን ለመመርመር ግን ዘገምተኛ ነው። ጢስ ያየ ሰው ሁሉ እሳት እንዳለ ያውቃል፤ እሳቱን ማን እንደ ጫረውና ከምን እንደ ተነሣ ለማወቅ ግን ወደ ጢሱ መግባት፥ አመዱንም ገልጦ ማየት ያስፈልጋልና ይህን ድካም የሚወድ ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ይህንኑ የሰውን ስንፍና አይተው ነው። ምክሩን በቃል የማያውቀው ሰው የለም፤ በሥራ ላይ የሚያውለውን ግን ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምወደው ጥያቄ የሚከተለው ነው። የአንድን ጉዳት ምክንያት ያላወቀ ሰው እንዳወቀ ሆኖ ቢፈርድ፥ ወይም እንዳወቀ ሆኖ ሠርቶ ዋጋ ቢቀበል፥ አድራጎቱ ስሕተት ይባላል ወይስ በደል? ስሕተት ከሆነ ይቅርታ ይበቃዋል፤ በደል ከሆነ ግን ካሣ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ልዩነቱን ማወቅ ለሐኪምም፥ ለዳኛም፥ ለመምህርም፥ ለእጅ ሠራተኛም የሚጠቅም ነገር ነው።

ምሳሌዬን የማመጣው ከመኪና ሞተር ነው። በዘመናችን ብዙ ሰው እንጀራውን የሚበላው በመኪና ነውና ነገሩ ለማንም እንግዳ አይሆንም። ደግሞም ሞተር ለባለጠጋ አያዳላም፥ ለድኻ አይራራም፥ በአማላጅ አይለዘብም፤ ምክንያቱ ካልተገኘለት በቀር በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ሰው ራሱን የሚያታልልበትን መንገድ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ መምህር ብዙ አይገኝም።

አስቀድመን የነገሩን ጠባይ እንመልከት። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነዳጁ ተቃጥሎ ከሚሰጠው ኀይል መኪናውን ለመግፋት የሚውለው ከሲሶው ብዙ አይበልጥም፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ከፊሉ በጢስ ማውጫው፥ ከፊሉም በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል ይወጣል። ውሃው በፓምፕ እየተገፋ በሞተሩ አካል ውስጥ ይዞራል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፤ በዚያም ነፋስ አግኝቶ፥ በርዶ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ተርሞስታት የሚባል ትንሽ በር አለ፤ በውስጡ ያለው ሰም ሲሞቅ እየሰፋ በሩን ይከፍተዋል፥ ሲበርድ ይዘጋዋል። በብዙ መኪኖች ይህ በር መከፈት የሚጀምረው ሙቀቱ ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆነው መካከል ሲደርስ ነው። በሩ የተሠራበት ምክንያት ሞተሩ ሲበዛ መሞቁ እንደሚጎዳው ሁሉ ከልክ በታች መቀዝቀዙም ስለሚጎዳው፥ ነዳጅም ስለሚያበዛበት ነው።

የአገራችን ደጋማነት ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን ነገር ይጨምራል። በባሕር ወለል ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተራችን በየዳገቱ ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ጥብቅ ሆኖ ግፊቱን ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ጎማ አርጅቶ ግፊቱን የለቀቀ እንደ ሆነ፥ ተርሞስታቱ በሚከፈትበትና ውሃው በሚፈላበት ሙቀት መካከል የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ይህን የማያውቅ ሰው በጥቂት ብር የሚለወጠውን ክዳን ትቶ በብዙ ሺህ ብር ራዲያተር ይገዛል ማለት ነው።

በዛሬዎቹ መኪኖች የውሃውን ሙቀት ለሞተሩ ኮምፒዩተር የሚያስታውቀው ሴንሰር የሚባል አውራ ጣት የምታህል ዕቃ ናት። ሴንሰሯ ስትሞቅ ለኤሌክትሪክ ያላት ተቃውሞ ይቀንሳል፤ በተለመደው ዓይነት በ20 ዲግሪ 2,500 ኦም ያህል የነበረው በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም ገደማ ይወርዳል። ኮምፒዩተሩ ውሃውን በዐይኑ አላየውም፥ በእጁም አልዳሰሰውም፤ በሽቦ የመጣለትን ወሬ ብቻ ሰምቶ ይፈርዳል። ሽቦው የተቆረጠ እንደ ሆነ ተቃውሞው ወሰን የሌለው ይሆንበትና ሞተሩ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ውርጭ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ በቆላ ፀሐይ መካከል ለሚሄድ መኪና ብርድ እንደ መታው አድርጎ ነዳጅ ይጨምርለታል።

ከዚህም የሚብስ አለ። ሴንሰሯ የተሠራችው በውሃ ውስጥ ጠልቃ እንድትኖር ነው። ውሃው ፈስሶ ያለቀ እንደ ሆነ የምትለካው ነገር ያጣች ትሆናለችና፥ ሞተሩ እየተቃጠለ ሳለ መለኪያው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። ምስክሩ ከሁሉ ይልቅ በሚፈለግበት ሰዓት ደኅና ነው ብሎ ይመሰክራል ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ፤ የሙቀት ምልክት በታየ ጊዜ ጥፋቱ በሦስት ስፍራ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በነገሩ በራሱ፥ ወይም በመስካሪው፥ ወይም ወሬውን በሚያደርሰው መልእክተኛ። ሦስቱን ሳይለይ የሚፈርድ ሰው ፍርዱ ቢቀናው እንኳ በዕድል ነው።

ይህ ሁሉ በሰው ኑሮ ላይ ምን ያህል እንደሚደርስ ለማስረዳት የማውቀውን አንድ ጉዳይ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ባልቴትና በአንድ ሹፌር መካከል ለተነሣ ጠብ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ለሽምግልና ተጠርቼ ነበር። ሴትዮዋ ባላቸው ሲሞት የተረፈቻቸው ሀብት በቤንዚን የምትሠራ አንዲት ሚኒባስ ናት፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ እየተመላለሰች እሳቸውንም ሦስት ልጆቻቸውንም ታኖራለች። ሹፌሩ አምስት ዓመት ያገለገላቸው ወጣት ነው። ክሳቸውም «ነዳጄን እየሰረቀ ይሸጣል» የሚል ነበር። በእያንዳንዱ ምልልስ ከወትሮው 12 ሊትር ያህል ይበልጥ ስለ ነበረ የሁለት ወር ደመወዙን ይዘውበታል። ወጣቱ ከመማል በቀር የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም።

እኔም ነዳጅ በሌባ እጅ ብቻ ሳይሆን በታመመ ሞተርም ሊጠፋ እንደሚችል አስቤ፥ ከመፍረዳችን በፊት መኪናዋ ያለፈችበትን የጥገና ታሪክ እንዲነግሩን ጠየቅሁ። ታሪኩ እንዲህ ነበር። አስቀድሞ የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት በራ። የመጀመሪያው ጋራዥ በመመርመሪያ መሣሪያ ቢያየው ፒ0118 የሚል ቁጥር አገኘና ሴንሰሩን ለወጠ፤ በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ። ሁለተኛው ጋራዥ «በሞቃት አገር ተርሞስታት አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ ጣለው፤ መብራቱም እንደ ገና በራ። ሦስተኛው ግን መብራቱን ራሱን ነቅሎ «እንግዲህ አያስቸግርዎትም» ብሎ ሸኛቸው። በእውነትም ከዚያ በኋላ አላስቸገራቸውም፤ ነዳጁ ግን እየጨመረ ሄደ። ሴትዮዋም መብራቱ ስለ ጠፋ መኪናዋ የዳነች መሰላቸውና፥ መኪናዋ ደኅና ከሆነች ነዳጁን የሚወስደው ሰው ነው ብለው ፈረዱ። አስተሳሰባቸው ከሥሩ ሐሰት ይሁን እንጂ አካሄዱ ትክክል ነበር፤ የዋሻቸው የጠፋው መብራት ነው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሚያውቁት በዕድሜ የገፉ መካኒክ ነበሩና መኪናዋ ወደ እሳቸው ተወሰደች። ሰውየው መሣሪያ ሳያነሡ አስቀድመው ሹፌሩን ጠርተው፥

«ልጄ፥ መብራቱ የሚበራው መቼ መቼ ነበር?» አሉት።

«ጋሼ፥ ይህን የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም» አለ። «ከአባይ ድልድይ ተነሥቼ ወደ ደጀን ስወጣ፥ በሁለተኛ ማርሽ ሲከብደው ይበራል። ስመለስም ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ እንዲሁ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን አንድ ቀንም በርቶ አያውቅም።»

«በዚያን ጊዜ የሙቀት መለኪያው ይወጣል ወይስ ይወርዳል?»

«ድንገት ይወድቃል፤ ጥቂት ቆይቶ ይመለሳል።»

«እንግዲህ ሙቀት አይደለም። ውሃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፥ ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ እንዲህ የሚዘልለው ሽቦ ነው» አሉ።

በዚህም አላበቁም፤ ንግግራቸው ግምት መሆኑን ያውቁ ነበርና ሊፈትኑት ጀመሩ። ሴንሰሩን ፈትተው ከቴርሞሜትር ጋር በውሃ ድስት ውስጥ አሞቁት፤ እያንዳንዱን ዲግሪ በልኩ ስለ ተናገረ ምስክሩ ሐቀኛ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎም ሞተሩን አስነሥተው ሹፌሩን ፍሬን አስይዘው ጥቂት ጥቂት እንዲጭነው አዘዙ። ሞተር ሸክም ሲበዛበት በመቀመጫው ላይ ጥቂት ያዘነብላል፤ ባዘነበለም ጊዜ መለኪያው ወደ ብርድ ዘለለ። ከዚያ በኋላ ሽቦውን ስንዝር በስንዝር ሲዳስሱ በአንድ የብረት ማሰሪያ ላይ በተወጠረበት ስፍራ፥ ላዩ ደኅና ሆኖ ውስጡ መዳቡ ተበጥሶ አገኙት። ዳገት ላይ ይላቀቃል፥ ሜዳና ቁልቁለት ላይ ይገጥማል። ሽቦውን ቀጥለው አላልተው አሰሩት፤ አዲስ ተርሞስታት አገቡ፤ የተነቀለውንም መብራት መለሱ። ዋጋ ሲጠየቁ ግን «ደጀን ደርሶ ይመለስና እንነጋገራለን፤ በሽታዋ የሚታየው እዚያ ነውና መዳኗም የሚታወቀው እዚያ ነው» አሉ።

መኪናዋ ደርሳ ተመለሰች፤ መብራቱ አልበራም፥ ነዳጁም ወደ ልኩ ገባ። ሴትዮዋ ደመወዙን ቆጥረው ሰጡና በፊታችን ይቅርታ ጠየቁት፤ እሱም ጉልበታቸውን ስሞ ታረቀ። ነገር ግን ደመወዝ በአንድ ቀን ሲመለስ ስም በአንድ ቀን አይመለስም። በመናኸሪያው «ነዳጅ የሚሰርቀው» ተብሎ የተወራበት ወጣት፥ ያወሩት ሰዎች ሁሉ በየቤታቸው ዞረው «ውሸት ኖሯል» እንዳላሉለት የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ከሦስቱ ጋራዦች መካከል ሌባ የሚባል አልነበረም፤ ጥፋታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ማስረጃ ነበረው፤ ያገኘው ቁጥር ከሴንሰሩ መስመር የሚመጣው ምልክት ከልክ በላይ ከፍ ማለቱን የሚናገር ነው። ቁጥሩ «መስመሩን መርምር» ሲለው እሱ «ሴንሰሩን ለውጥ» ያለው አድርጎ አነበበው። የእሱ ጥፋት ችኮላ ነው። ሁለተኛው ምንም አልመረመረም፤ ሌሎች ሲያደርጉ ያየውን ልማድ ዕውቀት አድርጎ ሸጠ። ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ ያላደረጉትን አደረገ፤ የሚጮኸውን አፍ ዘጋ። ሁለቱ ምክንያቱን ሳያገኙ ቀሩ፤ ሦስተኛው ግን ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው እንኳ እንዳያገኘው ምልክቱን አጠፋ። ስለዚህ እንደ እኔ አስተያየት ስሕተት የሚባለው መርምሮ መሳት ነው። ያልመረመሩትን እንደ ተመረመረ አድርጎ መናገርና መሸጥ ግን፥ ግምቱ ቢቀና እንኳ በደል ነው፤ የተሸጠው ነገር በሻጩ ዘንድ አልነበረምና። ምልክትን ዝም ማሰኘት ከሁለቱም ይከፋል።

በዚህ ላይ ብርቱ መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። አንድ መካኒክ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፤ «አንተ የምትለው ደግ ነው፤ ግን ደንበኛዬ ድኻ ነው፥ ቀኑን ሙሉ ብመረምርለት የድካሜን አይከፍለኝም። አዲስ ዕቃ በእጁ ሳሳየው ይከፍላል፤ ዐሥር ሽቦ ዳስሼ አንዱን አገኘሁ ብለው ግን ሽቦ ለመቀጠል ይህን ያህል? ብሎ ይቆጣኛል።» ይህ ንግግር እውነት አለበት። ሰው ለዕቃ እንጂ ለዕውቀት መክፈል አይወድም፤ ዐዋቂውንም ወደ ግምት የሚገፋው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ በደሉ የመካኒኩ ብቻ አይደለም፤ ለምርመራ ዋጋ የማይሰጥ ባለንብረትም ድርሻ አለው። ይሁን እንጂ መቃወሚያው የሚያስተምረን ምርመራን እንድንተው አይደለም፤ ዋጋውን አስቀድመን እንድንነጋገር ነው። «ይህ ግምት ነው፤ ሊስት ይችላል፤ ግምቱን ልሞክርልህ ወይስ ምርመራውን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ደንበኛው ግምቱን ቢመርጥ ከበደል ነጻ ነው።

ደግሞም የመመርመሪያ መንገድ እየቀለለ በሄደ መጠን የግምት ምክንያት እያነሰ ይሄዳል። ጀርመናዊው ሐኪም ካርል ቩንደርሊኽ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ፥ ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አለመሆኑን በብዙ ሕመምተኞች ልኬት አስረዳ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንኳ ላቦራቶሪ በሌለበት ቆላ የሚሠራ ጤና ሠራተኛ ትኩሳት ያየበትን ሁሉ ወባ ነው ብሎ ከማከም በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ ማንም አይፈርድበትም። በጣት ደም በጥቂት ደቂቃ የሚመረምር መሣሪያ ከተገኘ በኋላ ግን የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆች 2010 ዓ.ም. የወባ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ምርመራ እንዲደረግ መከረ። ትናንት ይቅር የሚባለው ግምት ዛሬ ቸልተኝነት ሆነ ማለት ነው። በጋራዥም እንዲሁ ነው፤ ድስት፥ ቴርሞሜትርና ቴስተር ባለበት ስፍራ «ምን ላድርግ» የሚል ምክንያት አይበቃም።

ይህ የትንሽ ሰዎች ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን በትልቅ ስፍራ የደረሰውን አንድ ነገር ልጨምር። እዚያም ጉዳዩ የማቀዝቀዣ ውሃና የመብራት ምስክርነት ነበር። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ትሪ ማይል አይላንድ በተባለው የኑክሊየር ኀይል ማመንጫ ማርች 28 ቀን 1979 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቧንቧ ተከፍቶ ቀረ፤ የማቀዝቀዣው ውሃም ይወጣ ጀመር። በሰሌዳው ላይ የነበረው መብራት የሚያመለክተው የመዝጋት ትእዛዝ መተላለፉን ነበር፤ ቧንቧው በእርግጥ መዘጋቱን የሚናገር አልነበረም። ሠራተኞቹ ግን ትእዛዙን እንደ ፍጻሜው ቆጠሩት። ሌሎቹን ምልክቶችም በዚሁ እምነት ስለ ተረጐሙ ውሃው የበዛ መሰላቸውና ሊያድን የመጣውን ተጨማሪ ውሃ ቀነሱት። ቧንቧው ከሁለት ሰዓት በላይ ክፍት ሆኖ ቆየ፤ የማመንጫው እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ የጐደላቸው «ይህ መብራት በእርግጥ የሚናገረው ምንድር ነው?» የሚለውን ጥያቄ በጊዜው መጠየቅ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ «ትእዛዝ ተላልፏል» የሚል ወረቀት ይዞ ሥራው እንደ ተፈጸመ የሚቆጥር ሹም ሁሉ ከዚህ ታሪክ ቢማር ይጠቅመዋል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ነገሩ በሞተር አይወሰንም። ልጁ በትምህርቱ የደከመበት አባት ልጁን ይገርፋል፤ ዐይኑ ሰሌዳውን አያይ እንደ ሆነ፥ ሳይበላ ይውል እንደ ሆነ፥ ጎበዝ የሆነ ልጅ ያስፈራራው እንደ ሆነ አይጠይቅም። ልጁ ከግርፋቱ በኋላ ዝም ቢል አባትየው መከርሁት ይላል፤ የተነቀለው መብራት ግን ይኸው ነው። ሠራተኛው ያጉረመረመበት አለቃ አጉረምራሚውን አባርሮ ሰላም አገኘሁ ይላል። ሚስቱ መናገር የተወች ባልም ቤቱ ጸጥ በማለቱ ይደሰታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደ ተባለው ሁሉ፥ የሌላውን በሽታ የሚደብቅም መድኃኒቱን ይከለክለዋል።

ለዚህ ሁሉ ፈውሱ ትልቅ ጥበብ አይደለም። ከመፍረድ በፊት ከነገሩ ጋር የሚውለውን ሰው መጠየቅ፤ አንዱ ምስክር በሌላ ምስክር እስኪጸና መቆየት፤ ሁለትና ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ሳይለውጡ አንድ በአንድ መሞከር፤ ከጠገኑም በኋላ በሽታው ይታይበት በነበረው ስፍራ ፈትኖ ማረጋገጥ ነው። ከሁሉም ይልቅ ግን «ገና አላገኘሁትም» የምትለውን ቃል ሳያፍሩ መናገር ይገባል። ይህች ቃል ዐዋቂን አታዋርደውም፤ ፍለጋው እንዳልተዘጋ ታስታውቃለች እንጂ። ብዙ ሰው የሚያፍረው በእርሷ ነው፤ ሊያፍርበት የሚገባው ግን በሌላው ገንዘብና በሌላው ስም የሠራው ግምት ነበር።

ምልክት ሲታየን ያስደነግጠናል፤ ድንጋጤያችንንም ቶሎ ለማስወገድ እንመኛለን። ይህ ምኞት ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ጭንቀታችን ጠፋ ማለት ጥፋቱ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ሁልጊዜ እናስታውስ። ምልክት የሚጠላ ጠላት አይደለም፤ መጥቶ ደጃችንን የሚመታ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛውን አባርሮ ተኝቶ ማደር ይቻላል፤ የላከው ነገር ግን በመንገድ ላይ ነው።